የአባ ሰዓት ለምን ትቆማለች?

ሰኔ 23 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ልብስ አጥቤ ሳልጨርስ እማ ጠራችኝ። እጄ ሳሙና እንደሆነ ገባሁ። አባ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሀጂ እንድሪስ፣ የመስጊዳችን ጀማዐ፣ የሰጋጆቹ ሁሉ፣ አለቃ። ወዲያው ልወጣ ስል ቁጭ በይ አሉኝ። እኔን! ደነገጥኩ። ምን አጥፍቼ ይሆን?

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። የአባ አሮጌ ሰዓት ሞታለች። ሰዓት ሠሪው ዕቃዋ ከእንግዲህ አይገኝም ብሎ መለሳት። አባ ሙአዚን ናቸው፤ ያለ ሰዓት እንዴት አዛን ብለው ሰዉን ለሶላት ይጠራሉ? ድሮ ጥላ አይተው፣ ሰማይ አይተው ይሉ ነበር። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ለብሶታል። ክረምቱም ገብቷል። ደሴን ጉም ከሸፈናት ፀሐይ የት እንዳለች ደህና ዓይን ያለውም አያውቅም። የትልቁ መስጊድ ድምፅ ማጉያ እኛ ዳገቱ ላይ ላለነው አልፎ አልፎ ነው የሚሰማው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወይ መብራት ሲጠፋማ ጭራሽ። ረመዷንም ደረሰ።

ጀማዐው አዋጥቷል። አዲስ ሰዓት ሊገዛ ነው። ማን ይምረጥ አሉ ሀጂ እንድሪስ። አባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ሀዋ ትምረጥ፤ የምታነብልኝ እሷ ናት።

እሱስ እውነት ነው። መስጊዱ አጥራችን ሥር ነው። አባ ሰዓቱ የደረሰ ሲመስላቸው ሰዓታቸውን በአጥሩ ቀዳዳ ያሳዩኛል፤ እኔ አንብቤ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው አዛን የሚሉበት ድንጋይ ላይ ይወጣሉ። ማንም አያየኝም። እንደዚያ ሲሆን ደስ ይለኛል። ግን ማንበብ ሌላ፣ መምረጥ ሌላ። ከስድስተኛ ክፍል ት/ቤት ካቆምኩ ወዲህ ምረጪ ያለኝ የለም። ከዚያ በፊትም አልነበረም።

እሺ አልኩ? አላልኩም መሰለኝ። ዝም ነው ያልኩት። ዝምታዋ እሺታ ነው ብለው ተነሡ።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ከወንድሜ ከከማል ጋር ሰኞ ገበያ የሚባለው ቦታ ሄድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ሰዓት ሻጮቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው ሰዓት አስረዋል። አንዱ ክንዱን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ እህቴ የትኛዋን ላውልቅልሽ አለኝ። ሁሉም ያብረቀርቃሉ። ሁሉም የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ። ትክክሉ የቱ ነው? ከማል ሳቀብኝ። የሚሸጥ ሰዓት ትክክል ሆኖ አያውቅም አለ።

ሳልገዛ ተመለስኩ። ራሴ ዞሯል።

ከማል የሩሲያዋን ነው የሚለው። ርካሽ ናት፣ መኪና ቢሄድባትም አትሞትም። ግን ጧት ጧት ትሞላለች። የአባን ጣቶች ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ያቺን ትንሽ እንቡጥ መጠምዘዝ አይችሉም። እኔ ልሙላልዎት አልኳቸው። ብትታመሚስ? አሉ። ብታገቢስ? በምታገቢ ቀን አዛን ሊቀር ነው? ከማል ከጥግ ሆኖ ይቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ ድምፅዋን ይስማ አለ። እማ በማማሰያ አባረረችው።

ሀጂ እንድሪስ የወርቅ ቀለም ያላትን አይተዋል አሉ፤ የጀማዐ ክብር አለ ይላሉ። ገንዘቡ አይበቃም እንጂ። እማ ደግሞ የምታብለጨልጭ ሰዓት ሌባ ትጠራለች ትላለች። ጎረቤታችን እማማ ጦይባ ሳይቀሩ፣ ሰዓት ይዘው የማያውቁት፣ ዘጠኝ ቁጥሯ ደህና ይታይ ብለውኛል። ለምን ዘጠኝ? አልጠየቅኩም።

አባ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። የክት አትሁን። የዘወትር ትሁን።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ኮምቦልቻ ደርሼ መጣሁ! አክስቴ ዘይነብ እዚያ ናት፤ ባሏ ፋብሪካ ይሠራል። ደህና ሰዓት ሻጭ አለ ብላ ልካብን ነበር። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ፣ እየናጠን ወረደ። ደሴ በጉም ተጠቅልላ ትተናት ኮምቦልቻ ፀሐይ። ነጠላዬን አወረድኩ።

ሻጩ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። መኪና ተራው አጠገብ ጠባብ ሱቅ። መነጽር፣ የራዲዮ ድንጋይ፣ ሰዓት። ሸምግለዋል፣ ተጫዋች ናቸው። ለማነው ሰዓቱ፣ ለሙሽራው? አሉኝ። ፊቴ ነደደ። አክስቴ ነች የመለሰችው። ለአባቷ ነው፤ ሙአዚን ናቸው። ጋሽ ተፈራ ወዲያው ቀልዱን ተዉ። እንግዲያማ የማትዋሽ እንፈልግ አሉ።

ሦስት አወጡ። አንዷ ወርቅማ፤ ዋጋዋን ሰምተን አክስቴ ራሷ መለሰቻት። አንዷ የሩሲያ፣ የምትሞላ። ሦስተኛዋ የጃፓን። አዲስ። ማሰሪያዋ ብረት፣ ፊቷ ነጭ፣ ቁጥሮቿ ጥቁርና ጎላ ያሉ። እንደ ወርቅማዋ አታብለጨልጭም፣ እንደ ሩሲያዋም ደረቅ አይደለችም። ይቺ ኦቶማቲክ ናት አሉ። መሙላት የለ፣ ምን የለ። አድርጎ መርሳት ነው።

ልቤ እሷ ላይ ወደቀ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ካልሞሏት ማን ይሞላታል? ጅን? ድንጋይ አላት እንደ ራዲዮ? ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ሌላ ደንበኛ ገባ፤ ወታደር፣ ረጅም። አፌን ዘጋሁ።

አክስቴ ይቺ ናት? አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ገንዘቡ ልክ በቃ። በቃ፣ መረጥኩ። እኔ!

በመንገድ ሁሉ በመሀረብ ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ። ስትመታ ይሰማኛል።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

አባ ሰዓቷን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ማሻአላህ፣ እንደ ምስጥ ትበላለች አሉ። ድምፅዋ ወፍራም አይደለም፣ ስል ነው። እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አላቸው። የጀማዐው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየያዙ አዩዋት። ሀጂ እንድሪስ ወርቅማ አለመሆኗን አይተው ትንሽ ተከዙ፣ ከዚያ ትሁን አሉ።

አጥሩ ጋር ሆኜ ሰማሁ። ማን መረጣት ሲሉ ልጄ አሉ አባ። ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁ።

አባ ይጠነቀቁላታል። ዉዱእ ሲያደርጉ ያወልቋታል፤ ውኃ አይግባት ብለው። መስጊዱ መስኮት ላይ ያስቀምጧታል። ሰግደው፣ ቁርአን ቀርተው፣ ዚክራቸውን አድርሰው፣ ካስታወሱ ያደርጓታል። አንዳንዴ ከቀትሩ ዙሁር እስከ አስር ሶላት እዚያው መስኮቱ ላይ ናት። ማታ ከኢሻ በኋላ ደግሞ ቤት አምጥተው ከራስጌያቸው ሣጥኑ ላይ፣ በጨርቅ ሸፍነው። የተኛ ልጅ ናት የምትመስለው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ረመዷን ዛሬ ገባ። ውኃ ሳልቀዳ ረፍዶብኝ እማ ተቆጣችኝ። ጉሙ ቀኑን ሙሉ አልተነሣም። ሰዓቷ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር? ማፍጠሪያው፣ መግሪብ ሲደርስ አባ በቀዳዳው ክንዳቸውን አሾለኩልኝ። ለአንድ አሥር ጉዳይ አልኳቸው። ሲጣሩ ሰማሁ። ከዚያ ከየቤቱ የውኃ ጣሳ ድምፅ። ሁሉም በአንዴ ሲጠጣ። እኔ ያየሁትን ቁጥር ነው የጠጡት። ፈራሁም፣ ደስ አለኝም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

አልገባኝም። ምንም አልገባኝም።

አባ ለአስር ሶላት ሰዓቷን አሳዩኝ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ትላለች። እንዴት? አልኳቸው። እሳቸውም እንዴት? አሉ። ዙሁርን እኮ የትልቁን መስጊድ ድምፅ ሰምተን ሰግደናል። ተቀብዬ አየኋት። ትሄዳለች! ቀጭኗ ዘንግ ትዞራለች። ቆማ ባገኛት ይገባኝ ነበር፤ ሰዓት ይቆማል። ይቺ ግን እየሄደች ነው የዋሸችው።

ከማል ወደ ሰይድ ሮጠ። ሰይድ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ነው፤ ራዲዮ አለው። ትክክሉን አምጥቶ አስተካከልናት። ማንም አልሰማም፤ አባ፣ እኔና ከማል ብቻ። አባ በሰው ፊት አታንሡት አሉ። ነገ ወስደሽ ለሻጩ አሳዪያቸው።

እኔ ነኝ የመረጥኳት። የሩሲያዋን ብወስድስ ኖሮ?

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ኮምቦልቻ። ከአክስቴ ጋር ሱቁ ሄድን። ጋሽ ተፈራ ሰዓቷን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ከራሳቸው ሰዓት ጋር አስተያዩ፣ ከራዲዮው ጋር አስተያዩ። ልክ ናት። አንዲት ደቂቃ አልሳተችም። ይቺማ ከእኔ ልብ ትሻላለች አሉ። ሰዓቷ ቆማ ነበር እኮ ብላ አክስቴ ነገረቻቸው። ከፈቷት፣ አጉልተው አዩ፣ ዘጉ። ምንም አላገኙባትም። ሰዓቷ አልታመመችም፤ መንገድ ናፍቋት ይሆናል ብለው ሳቁ።

እኔ እግሬን እያየሁ ነበር። ስለ አባ፣ ስለ መስኮቱ፣ እየሄደች ስለመዋሸቷ ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር። ከየት እጀምራለሁ? ሰው ሲስቅ ቃል ይጠፋኛል።

ተመለስኩ። አባ ደህና ናት ስላቸው ደስ አላቸው። እኔ ግን ጥርጣሬ ገብቶኛል። በሰዓቷ ነው ወይስ በዓይኔ? ለስድስት ሩብ ጉዳይ ያልኩት ትንሿን ከትልቋ ለይቼ ነው?

ሐምሌ 14፣ ሰኞ፣ ጧት

ደብተሬ፣ ስሚኝ።

ሌሊት ለሱሁር አባ ቀሰቀሱኝ። ሰዓቷን ከሣጥኑ ላይ አንሥተው በኩራዝ አሳዩኝ። ገና አሥር ሰዓት አልሞላም። ትሄዳለች፤ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማኋት። ገና ብዙ ጊዜ አለ አልኳቸው። አባ እንደ ወትሮው ወጥተው ብሉ፣ ጊዜ አለ እያሉ በየደጁ አለፉ። ዝናቡ አላባራም። መብራት ማታ እንደጠፋ ነው፤ ከታች ምንም ድምፅ የለም። ጉም። ሰው ሁሉ ተረጋግቶ በላ። እኛም በላን።

እንደገና አነበብኩላቸው። አባ የንጋቱን ሶላት፣ የሱብሂን አዛን አሉ። ገና ሳይጨርሱ አንድ መንገደኛ ከታች መጣ። እናንተ ምን ነክቷችኋል? እኛ ሰግደን፣ ተበትነን፣ ሥራ ልንገባ ነው አለ። ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ ነጭ ነው። ነግቷል።

ሠፈሩ በሙሉ ከነጋ በኋላ በልቷል። የዛሬው ጾም የለም። ሰው ሁሉ ሌላ ቀን ጾሞ ቀዷ ሊያወጣ ነው።

አባ ከድንጋዩ ላይ አልወርድ አሉ። ከማል ነው ደግፎ ያወረዳቸው።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

እማማ ጦይባ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልተሳደቡም። በሩ ላይ ተቀመጡ። ሀዋዬ፣ እኔ ቀዷ የማወጣበት ዕድሜ የተረፈኝ ይመስልሻል? አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ምነው በሰደቡኝ።

ሰዓቷ ሣጥኑ ላይ ናት። አሁን ቆማለች። ሳነሣት ደግሞ ትሄዳለች። ምን ዓይነት ነገር ነው? አባ ላይ ትቆማለች፣ እኔ ላይ ትሄዳለች። ሰው ትለያለች?

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አጥሩ ጋር ነበርኩ። ክፉ አልተናገሩም፤ የባሰው እሱ ነው። አባን፣ ሸህ አሊ፣ ደክመዋል፣ ትንሽ ይረፉ አሏቸው። አባ እሺ አሉ። ሠላሳ ዓመት አዛን ያሉ ሰው እሺ ብቻ አሉ። እስከዚያ ሰይድ በራዲዮው እያየ አዛን ይበል ተባለ። ሰዓቷን ደግሞ ሀዋ ወስዳ ታሠራት።

አባ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። መስፋት ትተዋል፣ ማረስ ትተዋል፤ የቀራቸው ያ ድንጋይ ብቻ ነበር።

መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ዳገቱ ተንዶ አውቶቡስ አይወርድም። እስኪጠረግ እጄ ላይ አስሬያታለሁ፤ ትጠፋለች ብዬ። ሰፍታኝ እስከ ክርኔ ትወጣለች።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

አልቆመችም።

ከማክሰኞ ጀምሮ እጄ ላይ ናት። ውኃ ስቀዳ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ገብስ ስወቅጥ፣ ስተኛም። አልቆመችም፣ አልዋሸችም። ከማል በሰይድ ራዲዮ አስተያይቶ መጣ፤ ልክ ናት። ዛሬ ጧት ወለል ላይ አስቀምጬ ብዙ አየኋት። ምን አድርገንሽ ነው አልኳት። እብድ ሆኛለሁ፤ ከሰዓት ጋር አወራለሁ፣ ከሰው ጋር ግን አላወራም።

የሰይድ አዛን ተሰማ። ድምፁ ያምራል። አባ ሲሰሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም።

ነገ መንገዱ ይከፈታል ተብሏል። እጠይቃለሁ። ወላሂ እጠይቃለሁ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ጠየቅኩ!

አክስቴን ሳልጠብቅ ብቻዬን ገባሁ። ከሱቁ ፊት ሁለት ጊዜ አልፌ፣ ሦስተኛው ላይ ገባሁ። ጋሼ፣ ይቺ ሰዓት እኔ ጋ ትሄዳለች፣ አባቴ ጋ ትቆማለች፣ ለምንድነው? አልኳቸው። ትንፋሽ ሳልወስድ ነው ያልኩት።

አባትሽ ምን ሲሠሩ ይውላሉ? አሉኝ። ነገርኳቸው። ይቀመጣሉ። ይሰግዳሉ። ቁርአን ይቀራሉ። ይቀመጣሉ። ሰዓቷስ? መስኮት ላይ ናት። ማታስ? ሣጥን ላይ። ጋሽ ተፈራ በሳቅ ፈነዱ። ዓይናቸው እስኪያለቅስ። ከዚያ የሰዓቷን ጀርባ ከፍተው አሳዩኝ። ውስጧ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆነ ብረት አለ። ክንድ ሲወዘወዝ ይዞራል። ሲዞር ይሞላታል። ክንድ ሲያርፍ ታርፋለች። ዝም ብላ ከተቀመጠች አንድ ቀን ተኩል ብትሄድ ነው። ሰው ሲያነሣት ስለሚነቀንቃት ደግሞ ከቆመችበት ትቀጥላለች፤ ቆማ የቆየችበትን ጊዜ ግን አትቆጥረውም።

ይኸው ነው። ጅን አይደለም። ሰው አትለይም። ክንድ ነው። ኮምቦልቻ ስወስዳትም ደህና የሆነችው አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሙሉ እየናጠ ሞልቷት ነው!

ስለ ሱሁሩ ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። ሰው ጾሙን አጣ? አሉ። የሰዓቷን ጀርባ ዘጉ። ያን ዕለት ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነው አሉ። እኔም ያን ዕለት ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ይህን ግን አላልኳቸውም።

እየበረርኩ መጣሁ። ለአባ ልነግራቸው፣ ክንዳቸውን ሊያወዛውዙ፣ ድንጋያቸው ላይ ሊመለሱ! ደጃችን ስደርስ ሰይድ ቆሟል። የራዲዮው ድንጋይ አልቋል፣ ገበያ ላይም የለም። ሰዓቷን ሊወስድ መጥቷል። ሠሩልሽ? አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ኧረ ተናገሪ፣ አንቺ ድምፅ የለሽ! ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። እጁን ዘረጋ። አወለቅኩና ሰጠሁት።

ምንም አላልኩም። ለምን? አፍሬ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ለከማል ብቻ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ፍየሏ አንገት ላይ እንሰራት፤ ስትዘል ትሞላለች፣ አዛኑንም እሷ ትበል አለ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝም በይ አለኝ። ለሰይድ እንዳትነግሪው። እሱም ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። እሱ ላይም ትቁም። ያን ጊዜ የአባ ጥፋት እንዳልነበረ ያያሉ፤ መጥተው ይለምኗቸዋል።

ደብተሬ፣ ሐሳቡን ስሰማ ደስ አለኝ። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው። ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በካርድ ስኳር ላወጣ ቀበሌ ሱቅ ሄድኩ። ሰዓቷን አየኋት። ሰይድ ክንዱ ላይ አላሰራትም። የጀማዐ ንብረት ነው፣ እንዳትጫርብኝ ብሎ ከኋላው ግድግዳ ላይ ምስማር መትቶ ሰቅሏታል። ሰው ሁሉ እንዲያያት። እሱ ስኳር ጆንያው ላይ ተደግፎ ያንጎላጃል። ሰው እየገባ ማሻአላህ ይላታል። ከጾም የደከመው ሁሉ ቀና ብሎ ያያታል።

ምስማር ላይ። ምንም የሚያወዛውዛት የለም።

ስኳሬን ተቀበልኩ። ሌላስ? አለኝ ሰይድ። ሌላ የለም ብዬ ወጣሁ። ጥግ ላይ ቆምኩ። ተመለስኩ። ሰው ገባ። እንደገና ወጣሁ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ፣ ቀትር

መብራት ጠፍቷል። ጉሙ መሬት ላይ ነው። ዝናብ። ልክ እንደዚያ ሌሊት።

ሰዓቷ ዛሬ ትቆማለች። ወይም ቆማለች። ሰይድ ለሶላት ሲያወርዳት ትነቃና ትዋሻለች። ሰው ነገም ከነጋ በኋላ ይበላል።

ብነግረው ክንዱ ላይ ያስራታል፣ ያወዛውዛታል፣ ትሄዳለች። አዛኑ የእሱ ሆኖ ይቀራል። ባልነግረው አባ ይመለሳሉ። ሁለቱም ሐሳብ ውስጤ ነው፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ አላውቅም። ከማል ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እማ ምን ሆነሻል ትላለች። ምንም አልሆንኩም እላለሁ።

በዚያው ቀን፣ አስር ሶላት ሳይደርስ

ለአባ ነገርኳቸው።

ሁሉንም። የግማሽ ጨረቃውን ብረት፣ መስኮቱን፣ ምስማሩን፣ ከማል ያለውን፣ ደስ ያለኝንም። ግድግዳውን እያዩ ሰሙኝ። ስጨርስ ክንዳቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት። ባዶ ክንዳቸውን። ይኸው ነበር? አሉ። ይኸው ነበር አልኳቸው። ሳቁ መሰለኝ። ረጅም ትንፋሽ ነው፣ አላወቅኩትም።

አባ፣ ከነገርነው አዛኑ የእሱ ይሆናል አልኳቸው። ክንዳቸውን አወረዱ። ዝናቡን ነው የሰማሁት። የሰው ጾም ነው፣ ልጄ አሉ። የእኔ አይደለም።

ከዚያ በትራቸውን ጠየቁ። ጫማቸውን አቀረብኩ። ቀበሌ ሱቅ ውሰጂኝ አሉ። አሁን ሱቁ በሰው ይሞላል፣ ስኳሩ ገና እየታደለ ነው፣ ሀጂ እንድሪስም እዚያ አይጠፉም። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አውቃለሁ አሉ።

አሁን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ነጠላዬን ልወስድ ብዬ ነው የገባሁት። ቅድም ከደጃፉ ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ማን ነው የሚናገረው፣ እኔ ወይስ አንቺ?

እኔ አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፤ እማ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። አባ እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ልሂድ፣ ደብተሬ፣ የምለውን ገና አላውቅም።